ጫማዋን አውልቃ የቆመችው ሴት

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ የዚህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ስንት ሬሳ በእጄ አጥቤ ገንዣለሁ፣ አንዱም ቀና ብሎ እንደምን አደርሽ ያለኝ የለም፣ ጥላ አየሁ ድምፅ ሰማሁ የሚሉትን ባልደረቦቼን ሁሉ የምመልስላቸው አንድ መልስ ነበር፣ ሂዱና ተኙ። እመኑኝ፣ ጥላ የሚያይ ሰው ወይ እንቅልፍ አጥቷል፣ ወይ ፈቃድ ፈልጓል፣ ወይ ሥራ ጠልቷል ብዬ ነው የማምነው፣ የማምነው ነበር ማለቴ ነው። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ፊት ለፊት እስቅበት ነበር፣ ስለዚህ ብትስቁ አልቀየማችሁም።

ነገሩ የሆነው አተት ወደ እኛ አገር በገባበት ክረምት ነው። አተት ማለት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነው፣ ሕዝቡ ኮሌራ ይለዋል፣ እኛ ግን እንደዚያ ብለን እንዳንጠራው ተነግሮን ነበር፣ ስሙ ካልተጠራ ተቀይሞ የሚሄድ እንግዳ ይመስል። ከእንጅባራ ወደ ጥርባ በኩል ያለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር ሁለት ክፍል ለቀቁልንና መሐላቸው የተቀደደ የሸራ አልጋዎች ደረደርን፣ ከእያንዳንዱ ሥር ባልዲ አስቀመጥን፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እኔ በጠመኔ የአልጋ ቁጥርና ጉሉኮስ የሚቀየርበትን ሰዓት እጽፋለሁ፣ ሆስፒታላችን ያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቦት ጫማ አድርገው፣ ከደጅ ሆነው ፎቶ ይነሳሉ፣ ጀግኖች ናችሁ በርቱ ይሉናል፣ ከዚያ ለማንም እጃቸውን ሳይሰጡ መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። ጀግና ሲሉኝ ያቅለሸልሸኝ ነበር፣ አንዱን ጀግና ከሆንኩ ጓንት አምጡልኝ ብዬው ማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ እስካሁንም እየጻፈ ይሆናል።

በሩ ላይ ሰፊ ባለ አራት ማዕዘን ሳፋ ነበር፣ ውስጡ ክሎሪን የተነከረ ጆንያ፣ የሚገባም የሚወጣም ያንን በጫማው መርገጥ አለበት፣ ሕጉ ይኸው ነው፣ የሚታጠበው ጫማው ነው። የገጠሩ ሰው ግን ሳፋውን ሲያይ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ጫማውን ያወልቃል። ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ክሎሪኑ ውስጥ ይቆማል፣ በር ላይ ውሃ፣ ውስጥ ነጭ የለበሰ ሰው፣ ከወዲያ የሚያቃስት፣ ሌላ ምን ይምሰለው፣ ጠበል ቤት ይመስለዋል። ይህን ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር፣ ሰው ነፍሱ እየወጣች ስለ ጫማ ያስባል እያልኩ እጮህባቸዋለሁ፣ እነሱም ሲጮህባቸው ይበልጥ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ።

እንደኔ የማይጮኸው ደሳለኝ ነበር። ደሳለኝ በእኔ ሥር የሚሠራ ነርስ ነው፣ ተወልዶ ያደገው እዚያው ጥርባ አጠገብ ስለሆነ አዊኛው የአፍ መፍቻው ነው፣ እኔ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ፣ አዊ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ኖሬ ከሰላምታ በላይ አልተማርኩም፣ ለምን እማራለሁ፣ ሁሉም አማርኛ ይሰማል እል ነበር። ደሳለኝ በሩ ድረስ ሄዶ በቋንቋቸው ቀስ አድርጎ ያስረዳቸዋል፣ ጫማቸውን ያስለብሳቸዋል፣ ክንዳቸውን ይዞ ያስገባቸዋል፣ እኔም ሠርግ ላይ ነው እንዴ እንግዳ የምትቀበለው ብዬ አሾፍበታለሁ። ሲያሾፉበት ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም፣ እንዲህ ዓይነት ሰው አልወድም፣ ለስላሳ ሰው በእንደዚያ ያለ ጊዜ ይሰበራል ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ አመጡብን፣ ሦስቱም በቃሬዛ፣ ሦስቱም ዓይናቸው ጎድጉዶ። እኔ አንዱ ላይ፣ ደሳለኝ አራተኛው አልጋ ላይ ያለች ሕፃን ላይ፣ ደም ሥር ፍለጋ ተጠምደን ሳለ በሩ ላይ ጫጭ፣ ከዚያ እንደገና ጫጭ ሲል ሰማሁ። ቀና ስል አንዲት ሴት ናት፣ ብቻዋን፣ በእግሯ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ፣ በሽቦ የተጠገነ ጥቁር የላስቲክ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ሳፋው ውስጥ ቆማለች። ታላቄን አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፣ ግን ማን ጊዜ አለው፣ አንቺ እዚያው ቆዪ አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ደሳለኝ ከሕፃኗ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ በሩ ላይ ሰው አለ አለኝ፣ እኔም በእግሩ የቆመ ሰው አይቸኩልም አልኩት፣ ትምህርቱም እንደዚያ ነው የሚለው፣ መጀመሪያ የወደቀውን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሲስተር ልሂድ አለኝ፣ ሥራህን ጨርስ አልኩት። ሴትዮዋ ሁሉንም ትሰማለች፣ ቆዪ ስለተባለች ቆየች።

ደሳለኝ የሕፃኗን ጉሉኮስ አያይዞ ዞር ሲል ሴትዮዋ የበሩ ደፍ ላይ ወደ ጎን ወድቃለች፣ እግሮቿ ግን ገና ሳፋው ውስጥ ናቸው። የደም ሥሯን ሁለታችንም ብንፈልግ አጣነው፣ እዚያው በር ላይ አለቀች፣ ጫማውን ከእጇ ለማውጣት ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብን። የሟች ዕቃ ይቃጠላል፣ ሕጉ ነውና ጫማውን አቃጥለው አልኩት፣ አቃጠለው። መዝገብ ላይስ እንዴት ልጻፋት፣ ከበሩ አላለፈችም፣ አልጋም አልያዘችም፣ ስለዚህ አልጻፍኳትም፣ ሳትደርስ መንገድ ላይ የሞተች አድርጌ ተውኳት፣ ሪፖርቱን ያየው ኃላፊም ደስ አለው። በማግስቱ ቤተሰቦቿ ሲመጡ ያነጋገራቸው ደሳለኝ ነው፣ ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩትም።

ነሐሴ ሲገባ በሽታው ለቀቀን፣ ወደ ጤና ጣቢያችን ተመለስን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ያኔ ሥልጠና መጣልን። አንድ ሽቶ የተቀባ አሰልጣኝ ከከተማ መጥቶ እንጅባራ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበንና የሥነ ልቦና ድጋፍ ነው አለን፣ ዓይን ጨፍናችሁ ተንፍሱ፣ ጭንቀታችሁን በሥዕል አሳዩኝ አለን፣ እኔ ባልዲ ሣልኩለት፣ በጣም ጥሩ ብሎ አጨበጨበልኝ። መጨረሻ ላይ ከመካከላችሁ ያልለቀቀው ነገር ያለ እጁን ያውጣ ሲል ከዚያ ሁሉ ሰው እጁን ያወጣው ደሳለኝ ብቻ ነበር። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔ ከሁሉም ጎላ አድርጌ ነው የሳቅኩት፣ ለምን መሰላችሁ፣ ነገሩን ቀድሜ አውቅ ስለነበር ነው፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ደሳለኝ ከተመለስን ጀምሮ ልክ አልነበረም። መርፌ እየወጋ ሳለ ድንገት ይነሳል፣ በሩ ጋ ይሄዳል፣ ማንም ለሌለበት ደጅ በአዊኛ አንድ ነገር ብሎ ይመለሳል፣ ታካሚው አፉን ከፍቶ ያየዋል። እጁን በክሎሪን እየታጠበ ቆዳው ተልጦ ነበር፣ አንዳንድ ቀንም ከሥራ ይቀር ጀመር። ምን ሆነህ ነው ስለው እግር ሲረግጥ እሰማለሁ፣ ሳፋ ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ፣ አለኝ፣ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ደግሞ ከሲሚንቶ በቀር ሳፋ የሚባል ነገር የለም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ለመታከም ፈቃድ ጠየቀ፣ የጤና ቢሮው ደግሞ የቅርብ አለቃው አስተያየት ይጻፍበት ብሎ ወረቀቱን ለእኔ መራው። ታሟል ካልኩ ደመወዙ ሳይቋረጥ ይታከማል፣ አልታመመም ካልኩ የቀረባቸው ቀናት ሥራ ጥሎ እንደጠፋ ተቆጥረው ይባረራል፣ ጉዳዩ ይኸው ነው፣ የአንድ ሰው እንጀራ በእኔ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበረች።

ከመጻፌ በፊት ቢሮዬ መጣ፣ አልተቀመጠም።

“ሲስተር፣ ታሟል ብለው ባይጽፉም ግድ የለኝም” አለኝ። “አይዋሽም ብለው ብቻ ይጻፉልኝ።”

ያን ቀን ይህን ልጅ እንዴት እንደናቅኩት አልነግራችሁም። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ እኔም ያንኑ አይቻለሁ፣ ቁርሴን በልቼ ሥራዬን እሠራለሁ፣ እሱ ምኑ ነው ከእኔ የሚለየው አልኩ በልቤ። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ ደግሞ ከንቀቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ እሱ ታሟል ከተባለ ምን አሳመመው ተብሎ ይጠየቃል፣ ከተጠየቀ ደግሞ መዝገብ ላይ የሌለችው ሴት ትነሳለች። ስለዚህ ሠራተኛው ምንም የጤና ችግር የለበትም፣ ሰማሁ የሚለውም ከሥራ ለመሸሽ የፈጠረው ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ስለሆነ ክፍሎቹን አይቼ ማስረከቢያው ላይ እንድፈርም ተላክሁ። አልጋው፣ ባልዲው፣ ሳፋው፣ ሁሉም ከተጫነ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ ሳፋው የነበረበት ቦታ ብቻ ሲሚንቶው ነጥቶ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ዕቃው ከተነሳ በኋላ የተቀጠሩ ጋሽ ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ፣ በሽታው በነበረበት ጊዜ የዚያን ግቢ ደጅ እንኳ ረግጠው አያውቁም። ልክ ስደርስ ዝናብ ጀመረ፣ እሳቸውም ዛሬ ዝናቡ ሁሉ ጠበል ነው፣ ልጠመቅበት ብለው ኮታቸውን አወለቁና ወደ ሜዳው ወጡ፣ ሳንባ ምች ይያዙና ሩፋኤል ያክምዎት ብዬ አሾፍኩባቸው።

እኩለ ቀን እንኳ አልሆነም ነበር። ጉሙ ግን ከዘንገና ሐይቅ በኩል ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል፣ የባንዲራው እንጨት አይታይም። አንዱን አግዳሚ ወንበር ስቤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ወረቀቱን መሙላት ጀመርኩ፣ ሰሌዳው ላይ በእኔ እጅ የተጻፈው የአልጋ ቁጥር ገና አልጠፋም፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ፊት ለፊቴ ቆሟል፣ የሚያጠፋ አንድ ሰው ጠፋ እንዴ ብዬ ጽዳቶቹን በልቤ ረገምኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ ክሎሪን፣ ዓይን የሚያቃጥለው ትኩሱ ክሎሪን፣ ወለሉ ጠጥቶት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ከኋላዬ ጫጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጫጭ። ከዚያ ዝም፣ ሰው ቆሞ ትእዛዝ ሲጠብቅ ያለው ዓይነት ዝምታ።

“አንቺ፣ እዚያው ቆዪ” አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት፣ በገዛ አፌ፣ ቀና እንኳ ሳልል። ሌላውን ባታምኑ ይህንን እመኑኝ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት መስመር ጽፌያለሁ፣ ወረቀቱን ዛሬም ብታዩት ሁለቱ መስመር ቀጥ ብሎ የተጻፈ ነው። እስክሪብቶው የቆመው ሦስተኛው ላይ ነው፣ ሳፋው የለም እኮ የሚል ነገር ወደ ጭንቅላቴ ሲመጣ። ዞር ለማለት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም፣ ከኋላዬ ደግሞ ምንም አይንቀሳቀስም፣ አይሄድም፣ አይገባም።

ስዞር ማንም የለም። በሩ ክፍት ነው፣ ወዲያ ጉም ብቻ። ነጩ አራት ማዕዘን ውስጥ ግን ሁለት የእግር አሻራ አለ፣ ባዶ እግር፣ እርጥብ፣ ጎን ለጎን የቆመ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ወደ እኔ የዞሩ። ወደ እሱ የሚያመጣ እርምጃ የለም፣ ከእሱ የሚወስድም የለም። ያፈሰሰ ቆርቆሮ ይኖራል ብዬ ቀና አልኩ፣ ጣሪያው ደረቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ነርስ አይደለሁ፣ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት፣ አሸተትኩት፣ የዝናብ ውሃ አልነበረም።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፣ ጋሽ ይርጋ ውሃ እየተንጠባጠቡ ከደጁ ዛፍ ሥር ብቅ አሉና ተጣሩ።

“እንግዳ አለብዎት ብየ ነው የቆየሁ” አሉኝ፣ “ሴትዮዋ ሄዱ እንዴ?”

የትኛዋ ሴትዮ አልኳቸው።

“በሩ ላይ ጫማቸውን ይዘው የቆሙት ናቸዋ። እርስዎ ቆዪ ሲሏቸው ሰማሁ፣ እኔም ያን ጊዜ ነው ዛፉ ሥር የተጠለልሁ። ምነው ዝናብ ላይ ባያቆሟቸው።”

ሄደች አልኳቸው። ወደ በሩ መጡና ወለሉን አዩት፣ ከዚያ የራሳቸውን ጫማ አወለቁ፣ አሻራውን በጎን አልፈው ገቡ። ለምን እንዳወለቁ አልጠየቅኳቸውም፣ መልሱን መስማት አልፈለግኩም፣ ወረቀቱን ሳልጨርስ በመጣው ሚኒባስ ወደ እንጅባራ ተመለስኩ።

አዲስ ዓመት እንዳለፈ የጻፍኩትን ደብዳቤ ላስመልስ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛ የሚያስተዳድረው ሰው መዝገቡን ገልጦ ልጁ እኮ ተሰናብቷል አለኝ፣ አሁን ግን አዲስ ነገር ካለ ይጻፉና እንደገና ይታያል፣ ምን ተገኘ፣ ብሎ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። ይኸውላችሁ፣ አንድ መስመር ነበር የሚያስፈልገው፣ አይዋሽም የምትል። ያ ሁሉ የናቅኩት ሰው፣ ፎቶ የሚነሳው ኃላፊ፣ ሽቶ የተቀባው አሰልጣኝ፣ ጠበል ቤት መስሎት ጫማውን የሚያወልቀው ገበሬ፣ ሁሉም በፊቴ ተሰለፈና አየኝ፣ እኔም እስክሪብቶውን መልሼ ምንም አልተገኘም፣ ስለ ልጁ ልጠይቅ ብዬ ነው አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የናቅኩት ሰው የለም፣ ያም ሰው እኔ ነኝ።

ደሳለኝን ያገኘሁት በኅዳር ጫግኒ ነው፣ እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ያሸክማል፣ እጁ ድኗል፣ ቆዳው ተመልሷል። የሰማሁትን፣ ያየሁትን፣ ጋሽ ይርጋ ያሉኝንም ሁሉ ነገርኩት፣ ይሰድበኛል ብዬ ነበር፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

“ታዲያ አስገቧት?”

ዓይኔን ወደ ጆንያዎቹ መለስኩ። እሱም፣ እኔ ዘንድ መምጣት ከተወች ቆይታለች፣ ከጳጉሜ ወዲህ አልሰማኋትም፣ በመጣች ቁጥር ተነስቼ ‘ግቢ’ እላት ነበር እኮ አለኝ። ለካ በር እየሄደ ሲናገር የነበረው ቃል እሱ ነው። እንዴት እንደሚባል በአዊኛ ንገረኝ አልኩት፣ ነገረኝ፣ ቀላል ቃል ነው፣ ከጫግኒ እስከ እንጅባራ አውቶቡስ ውስጥ እየደጋገምኩ መጣሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጸሎት የማደርስ መስሏት ዝም አለችልኝ።

ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ብቻዬን ስሆን እለዋለሁ፣ ሳልሳሳት። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፣ እሷ የምትመጣው ሥራ ላይ አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ ነው፣ አፌ ደግሞ ከእኔ ይቀድማል። ትናንትም ከምሳ በፊት ካርድ እየሞላሁ ሳለ ከኋላዬ ጫጭ አለ፣ ትንሽ ቆይቶም እንደገና ጫጭ፣ እኔም ቀና ሳልል፣ አንቺ እዚያው ቆዪ፣ አልኳት።